የመጸው ፕሮግራም ወጣ! ኤግዚቢሽኑ ይቅደም ወይስ ፊልሙ?

ዝም_ያለች_ተመልካች

ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው የመጣሁት። የከተማችን የጥበብ ማዕከል የመጸው ፕሮግራሙን ለቀቀ፣ አራት ኤግዚቢሽን፣ ሃያ ምናምን ፊልም፣ በዛ ላይ ከአርቲስቶች ጋር ውይይት፣ ሁሉም በሦስት ወር ውስጥ። እኔም ደስ ብሎኝ እስክሪብቶ አንስቼ ማየት የምፈልገውን ማክበብ ጀመርኩ፣ ስጨርስ ሳይከበብ የቀረው የማዕከሉ ስልክ ቁጥር ብቻ ነው ሃሃሃ።

ችግሩ ራሴን አውቃታለሁ። አምና የወቅቱን ቲኬት ገዝቼ በመክፈቻው ምሽት ሄድኩ፣ ሰው በሰው ላይ ነው፣ የሰው ጀርባ አይቼ ተመለስኩ። ከዛ «ገና ነው፣ ጊዜ አለው» እያልኩ ሦስት ወሩ እንደ ቀልድ አለቀ። በመጨረሻው እሁድ ሁሉንም ኤግዚቢሽን በአንድ ቀን ልጨርስ ብዬ ገባሁ፣ ሦስተኛው አዳራሽ ስደርስ ሥዕል ሳይሆን ወንበር ነበር የምፈልገው። ፊልሞቹማ አንድ ብቻ ነው ያየሁት፣ እሱንም ዘግይቼ ገብቼ።

ዘንድሮ እንደዛ እንዳይሆን ነው። አንዳንዶቹ ፊልሞች «ከኤግዚቢሽኑ ጋር ተያይዘው የተመረጡ» ይላል፣ ታዲያ የትኛው ነው የሚቀድመው? ሌላ ደግሞ እነዚያ ጥቁር መጋረጃ ያላቸው ክፍሎች አሉ አይደል፣ ውስጥ ቪዲዮ የሚታይባቸው፣ ሁሌ መሀል ላይ ነው የምገባው፣ ሁለት ደቂቃ ቆሜ ምንም ሳይገባኝ እወጣለሁ፣ ጅል የሆንኩ ይመስለኛል። ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍስ ቀድሜ ላንብብ ወይስ ማንበብ የለብኝም? ደግሞ አንዱ አዳራሽ ለምንድነው እንደዛ የሚያጨልሙት፣ መብራት ለመቆጠብ ነው? አትሳቁብኝ እንግዲህ።

ገመድ_አሳሪው

ማንም አይስቅብሽም እህቴ፣ ግማሹ ሰው የሚያስበውን ነው የጠየቅሽው። እኔ ኤግዚቢሽን ሰቃይ ነኝ፣ ማለቴ ግድግዳ የምበሳው፣ ሳጥን የምከፍተው፣ ደረጃ ላይ ቆሜ መብራት የማዞረው ሰውዬ። ስለዚህ ከጀርባ በኩል ያለውን ልንገርሽ።

ከመብራቱ ልጀምር። ለመቆጠብ አይደለም። ያ የጨለመው አዳራሽ ውስጥ ያለው በእርግጠኝነት የወረቀት ሥራ ነው፣ ንድፍ፣ የውሃ ቀለም፣ ህትመት፣ የድሮ ፎቶ ወይ ደግሞ ጨርቅ። ለእነሱ የተለመደው ልክ 50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው) አካባቢ ነው፣ የዘይት ቀለም እስከ 200 ሉክስ ይችላል። ደጅ ጥሩ ፀሐይ ሲሆን 100,000 ሉክስ ይደርሳል፣ እንግዲህ አንቺ ከዚያ ወጥተሽ ነው 50 ውስጥ የምትገቢው፣ እና «ምን አጨለሙት» ብትይ አይፈረድብሽም። ዓይንሽ እስኪለምድ አምስት ደቂቃ ስጪው፣ ወዲያው ወደ ሥራዎቹ አትሂጂ፣ ዝም ብለሽ ቁሚ። ብዙ ሰው ገብቶ «ምንም አይታይም» ብሎ ሲወጣ አያለሁ፣ ሁለት ደቂቃ ቢታገስ ኖሮ እርሳሱ የሳሳበትንና የጠነከረበትን ሁሉ ለይቶ ያይ ነበር።

ብርሃን ደግሞ የበላውን አይመልስም። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ እያለ ይደመራል፣ የደበዘዘ ቀለም ወደ ነበረበት አይመለስም። ለዛ ነው የወረቀት ሥራ ሦስት ወር ገደማ ታይቶ ተመልሶ ጨለማ መጋዘን ውስጥ ለዓመታት የሚተኛው። ስለዚህ ምክር ከፈለግሽ ከአራቱ መጀመሪያ የወረቀቱን እዪ። የዘይት ቀለሙ የቋሚ ስብስብ ከሆነ ሌላ ጊዜም ታገኚዋለሽ፣ ያ ንድፍ ግን አሁን ካመለጠሽ መቼ እንደሚወጣ እኛም አናውቅም።

የመክፈቻ ምሽቱን እርሺው። መክፈቻ ሰው ለማየት ነው፣ ሥራ ለማየት አይደለም። አርቲስቱን ሰላም ማለት ከፈለግሽ ሂጂ፣ በሌላ ቀን ደግሞ ተመልሰሽ ለራስሽ እዪ። በሥራ ቀን ጠዋት እንደተከፈተ መግባት የሚመስለው የለም፣ አዳራሹ ያንቺ ነው። የመጨረሻው ሳምንት መጨረሻ ደግሞ ከመክፈቻውም ይብሳል፣ እንዳንቺ «ገና ነው» ሲል የከረመ ሁሉ ያኔ ነው የሚመጣው።

ስለ እግርሽ አትፈሪ፣ ስም ያለው ነገር ነው። በፈረንጆቹ 1916 ቤንጃሚን አይቭስ ጊልማን የሚባል የቦስተን ሙዚየም ሰው «የሙዚየም ድካም» ብሎ ጽፎበታል፣ አንድ ሰውዬ ማሳያ ሳጥኖቹን ለማየት ሲጎነበስ፣ ሲንጠራራ፣ አንገቱን ሲያጣምም ፎቶ እያስነሳ ነው ያሳየው። ጥፋቱ የተመልካቹ ሳይሆን የአሰቃቀሉ ነው የሚል ነበር ነገሩ። እኛ አሁን የሥዕሉን መሀል ከወለል 145 እስከ 155 ሴንቲሜትር ላይ እናደርገዋለን፣ ዓይን እንዳይለፋ። እና ከዚያ በጣም ወርዶ ወይ በጣም ወጥቶ የተሰቀለ ካየሽ ስህተት አይምሰልሽ፣ ኩሬተሩ (ሥራዎቹን መርጦ ኤግዚቢሽኑን የሚያዘጋጀው ሰው) ሆን ብሎ ነው፣ ለምን ብለሽ ጠይቂ።

ሪል_በሪል

ገመድ አሳሪው ጥሩ ብሏል ግን ፊልሙን ዘለለው፣ ስለዚህ እኔ ልግባበት።

መልሱ አጭር ነው፣ ካላንደርሽን ፊልሙ ይምራው። ኤግዚቢሽን ይጠብቅሻል፣ ፊልም አይጠብቅም። ሦስት ወር ሙሉ ግድግዳው ላይ የሚቆይ ነገርና አንድ ሐሙስ ማታ ብቻ የሚታይ ነገር እኩል አይደሉም። ስለዚህ መጀመሪያ ፊልሞቹን ምረጪ፣ ቀናቸውን ያዢ፣ ኤግዚቢሽኑን በዛው ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ቀድመሽ ደርሰሽ እዪ።

«ለምን አይደግሙትም» የሚል ሰው ሁሌ አለ። አሁን አብዛኛው ፊልም የሚመጣው ዲሲፒ በሚባል ዲጂታል ፋይል ነው፣ ብዙዎቹ ተቆልፈው ነው የሚመጡት፣ መክፈቻው ለብቻው ይላካል። ያ መክፈቻ ከዚህ ቀን ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ብሎ ነው የሚሠራው፣ ለዛ አዳራሽ ማጫወቻ ብቻ። ሰዓቱ ካለፈ ፋይሉ እዛው ቁጭ ብሎ አይከፈትም። አንዴ የመክፈቻው ሰዓት ተሳስቶ ተልኮ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ባዶ ስክሪን ሲያይ አርባ ደቂቃ የጠበቅንበት ቀን ትዝ ይለኛል፣ ቴክኒሻኑ ስልክ ላይ ሆኖ ላቡ በላቡ ነበር። በ35 ሚሊሜትር ፊልም (በድሮው የጥቅል ፊልም) የሚታይ ከሆነ ደግሞ ቅጂው ራሱ እንደ ሥዕል ተበድሮ ነው የሚመጣው፣ ታይቶ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ፕሮግራሙ ላይ «35 ሚሜ» የሚል ካለ እሱን ሁለቴ አክብቢው።

እና ለምን መጸው ላይ ፊልም ይበዛል ካልሽ፣ ትልልቆቹ ፌስቲቫሎች ስላሉ ነው። ቬኒስ፣ በፈረንጆቹ ከ1932 ጀምሮ ያለው፣ የሁሉም ታላቅ፣ በፈረንጆቹ ኦገስት መጨረሻና ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ነው። ቶሮንቶ ወዲያው ይከተላል። እዛ የታየው ቀስ እያለ ወደ ከተሞቹ ማዕከሎች ይወርዳል። የኛው የኃይሌ ገሪማ ጤዛ እንኳን መንገዱ ይሄው ነበር፣ በ2008 (በፈረንጆቹ) ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የስክሪፕቱን ሽልማት ወስዶ፣ ቶሮንቶ ታየ፣ በዓመቱ ፌስፓኮ ላይ (የቡርኪና ፋሶው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል) ዋናውን ሽልማት ወሰደ። ስለዚህ የመጸው ፕሮግራም ላይ ስሙን ሰምተሽ የማታውቂው ፊልም ካለ አትናቂው፣ ምናልባት ገና ከበሩ የወጣ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ፣ የትኛው ይቅደም። ፊልሙ ስለ አርቲስቱ የተሠራ ዶክመንተሪ ከሆነ በኋላ እዪው። ቀድመሽ ካየሽው ሥራው ፊት ስትቆሚ የምታዪው ሥራውን አይደለም፣ ሚስቱ ትታው ስትሄድ ያለቀሰውን ሰውዬ ነው። ፊልሙ አርቲስቱ ራሱ የሠራው ወይ ኩሬተሩ ከሌላ ቦታ አምጥቶ ጎን ለጎን ያስቀመጠው ከሆነ ግን ቀድመሽ እዪ፣ ምክንያቱም ፊልም ሁለት ሰዓት ያስቀምጥሻል፣ በዝግታ ማየት ያስለምድሻል፣ ከዛ አዳራሹ ውስጥ ስትገቢ አትሮጪም።

ሰነፍ_ተማሪ

እናንተ ሰዎች ልጅቷን አስፈራራችኋት በቃ። ሉክስ፣ ዲሲፒ፣ መክፈቻ... እሷ የጠየቀችው እንዴት ልዝናና ነው።

ስሚ እህት፣ እኔ በዓመት አራት አምስቴ እሄዳለሁ፣ ግማሹ ፊልም ይደብራል፣ እውነቱን እንነጋገር። አንድ ሰውዬ ለሰባት ደቂቃ መንገድ ሲያቋርጥ አይቻለሁ። ተኝቼም አውቃለሁ፣ ስነቃ ሌላ ሰውዬ መንገድ ሲያቋርጥ ነበር። እና ምንም አልሆንኩም። ካልወደድሽው መሀል ላይ ተነሥተሽ ውጪ፣ ማንም ነጥብ አይሰጥሽም።

የግድግዳውን ጽሑፍ እኔ አላነብም። የሆነ ሰው «ይህ ሥራ የቦታና የማስታወስን ወሰን ይፈትሻል» ምናምን ይላል፣ ሳላነበው ከነበረው በላይ ግራ ይገባኛል። ዝም ብዬ እዞራለሁ፣ የሳበኝ ፊት እቆማለሁ፣ የቀረውን አልፋለሁ። በፈረንጆቹ 2001 የወጣ ጥናት ላይ ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ ሰው አንድ ሥራ ፊት የሚቆምበት ጊዜ በአማካይ 27 ሰከንድ ገደማ ሆኖ ነው የተገኘው፣ መሀለኛው ቁጥር ደግሞ 17 ሰከንድ ነው! ጽሑፉን ማንበቡን ጨምሮ! ስለዚህ ሁሉም ሰው እየሮጠ ነው፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም። እኔ የማደርገው ከመቶው ውስጥ አምስት መርጬ እነሱ ላይ መቆየት ነው፣ ሌላውን ሰላም ብዬው አልፋለሁ። አምስት ብቻ። ከዛ ወጥቼ ሻይ።

ገመድ_አሳሪው

ሰነፍ ተማሪ በአምስቱ ሐሳብ እስማማለሁ፣ በጽሑፉ ግን አልስማማም ወንድሜ። ሁለት ዓይነት ጽሑፍ እኮ ነው ያለው። በሩ ላይ ያለው ትልቁ አለ፣ አንተ የምትሳደብበት፣ እሱን በኋላ ማንበብ ይሻላል፣ እኔም የምለው ይህንኑ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ የሚያናድድ ነው። ከሥራው ጎን ያለችው ትንሿ ካርድ ግን ሌላ ናት። እሷ አታወራም፣ በምን እንደተሠራ ነው የምትነግርህ። አንዴ ነጭ ባዶ ወረቀት የሚመስል ነገር ሰቅዬ ሰው ሁሉ እያለፈው ይሄድ ነበር፣ ካርዷን ያነበበ ግን ይመለሳል፣ ምክንያቱም በመርፌ ቀዳዳ ብቻ የተሠራ ነበር፣ ከጎን በኩል ስታየው ብቻ ነው ሥዕሉ የሚወጣው። ስለዚህ መጀመሪያ ሥራው፣ ከዛ ትንሿ ካርድ፣ ከዛ ተመልሶ ሥራው፣ ትልቁ ጽሑፍ ስትወጪ።

ሰነፍ_ተማሪ

እሺ የመርፌዋ አሳመነችኝ። ግን ትልቁን አሁንም አላነብም።

የድሮ_ሰው

ልጆች ጥሩ ተጫውታችኋል፣ እኔ ደግሞ ስለ ጥቁሩ መጋረጃ ልናገር፣ ማንም አልመለሰላትም እኮ።

ልጄ፣ መሀል ላይ መግባትሽ ጥፋት አይደለም፣ ሥራው እንደዛ ታስቦ ነው የተሠራው። ሲኒማ መጀመሪያና መጨረሻ አለው፣ አዳራሹ ውስጥ ያለው ቪዲዮ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሉፕ ነው፣ ሲያልቅ መልሶ ይጀምራል። ስለዚህ ስትገቢ መጀመሪያ ያየሽውን ምስል ያዢው፣ ለምሳሌ በር ከሆነ በሩን፣ እሱ ተመልሶ ሲመጣ ዙሩ ሞልቷል ማለት ነው። ከመግባትሽ በፊት ካርዱ ላይ ርዝመቱን እዪ፣ እሱ ነው ቁልፉ። ስድስት ደቂቃ ከሆነ ቁሚና ጨርሺው፣ ሁለቴም እዪው። ሃያ ደቂቃ ከሆነ ወንበር ፈልጊ። ከአርባ በላይ ከሆነ ግን ፊልም ነው፣ በሩ ላይ የሚጀምርበት ሰዓት ተለጥፎ እንደሆነ እዪ፣ ከሌለ ጠባቂዎቹን ጠይቂ፣ እነሱ ቀኑን ሙሉ እዛ ስለሚቆሙ ከኩሬተሩ በላይ ያውቁታል።

የማይጨረስም አለ። ክሪስቲያን ማርክሌይ የሚባል አርቲስት በ2010 (በፈረንጆቹ) የሠራው «ሰዓቱ» የሚባል ሥራ 24 ሰዓት ሙሉ ነው፣ ከሺዎች ፊልሞች ሰዓት የሚታይባቸውን ቁራጮች ገጣጥሞ፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ሰዓትና በእጅሽ ላይ ያለው ሰዓት እኩል ነው። በዓመቱ በቬኒስ የሥነ ጥበብ ቢየናሌ (የፊልም ፌስቲቫሉ ላይ አይደለም) የወርቅ አንበሳ ተሸለመበት። እሱን ጨርሶ ያየ ሰው ስንት ይሆን! ሃያ ደቂቃ ያየ ግን «አላየሁትም» አይልም። ስለዚህ አንቺም ሁለት ደቂቃ አይተሽ የወጣሽበት ቀን ጅል አልነበርሽም፣ ትንሽ ቸኮልሽ እንጂ።

ፕሮግራምሽ ላይ ድምፅ አልባ ፊልም ከሙዚቃ ጋር የሚል ካለ ደግሞ እሱን አትለፊው። የድሮ ፊልም ላይ ሰዎቹ እየዘለሉ የሚሄዱት ያኔ ሰው እንደዛ ይሄድ ስለነበር አይደለም፣ በእጅ እየተዘወረ በሰከንድ 16 ወይ 18 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የተነሣውን በ24 ሲያጫውቱት ነው የሚፈጥነው። ጥሩ ማዕከል ፍጥነቱን አስተካክሎ ነው የሚያሳይሽ፣ ያኔ ሰዎቹ ሰው ይመስላሉ፣ አትስቂም፣ ታዝኛለሽ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር። ሲኒማ ሲጀመር ስክሪኑ ላይ ባቡር ሲመጣ አይቶ ሰው ከአዳራሽ ሮጠ ስለሚባለው። ታኅሣሥ ላይ፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 28 ቀን 1895፣ ፓሪስ ግራንድ ካፌ ምድር ቤት ውስጥ የሲኒማ ፈር ቀዳጆቹ የሉሚዬር ወንድማማቾች ለከፋይ ተመልካች ያሳዩዋቸው አሥር አጫጭር ፊልሞች ነበሩ፣ እያንዳንዳቸው ደቂቃ አይሞሉም፣ ባቡሩ ግን ከእነሱ ውስጥ አልነበረም። የሮጠ ሰው ካለ ሌላ ቀን ነው የሮጠው።

ሪል_በሪል

ጋሼ የባቡሩን ነገር አበላሹብኝ፣ ስንት ጊዜ ለሰው ነግሬዋለሁ መሰልዎት።

የድሮ_ሰው

እኔም ሠላሳ ዓመት ነግሬዋለሁ።

ዝም_ያለች_ተመልካች

ኧረ እግዜር ይስጣችሁ ሁላችሁም። ጋሼ በተለይ የእርስዎ፣ ስለ በሩ የነገሩኝን እሞክራለሁ። ፕሮግራሙን እንደገና አውጥቼ አየሁት፣ 35 ሚሜ የሚል ሁለት ፊልም አለ፣ ሳላስተውለው! አንዱ ድምፅ አልባ ነው፣ ከፒያኖ ጋር። እሱን ያዝኩ፣ ሌላውንም። ከዛ የንድፍ ኤግዚቢሽኑ ሁለት ጊዜ፣ ሌሎቹ አንድ አንድ ጊዜ፣ አንዱን ጭራሽ ተውኩት። ከሃያው ፊልም ስድስት። መተዉ ከመምረጡ በላይ አመመኝ፣ ግን ሰነፍ ተማሪ እንዳለው አምስት አምስት ሥራ ካየሁ ይበቃኛል።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ ፎቶ ማንሳትስ?

ገመድ_አሳሪው

የተበደረ ሥራ ከሆነ አበዳሪው ስለሚከለክል ምልክት ያደርጉበታል፣ ሌላው ቦታ ያለ ፍላሽ አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። ግን የ50 ሉክሱ አዳራሽ ውስጥ ስልክሽን አታውጪ፣ ስክሪኑ ዓይንሽን መልሶ ያሳውርሻል፣ ያ አምስት ደቂቃ ከሰረ ማለት ነው። የጎንሽንም ሰው ጭምር።

ሪል_በሪል

35 ሚሜው ቀን አንድ ጨዋታ ልስጥሽ። የስክሪኑን የላይኛውን የቀኝ ጥግ እዪ። ፊልሙ በጥቅል በጥቅል ነው የሚመጣው፣ አንዱ ጥቅል ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው፣ ሊያልቅ ሲል ጥጉ ላይ ክብ ነጥብ ብልጭ ትላለች። ያቺ የመጀመሪያዋ ለሠራተኛው «ሁለተኛውን ፕሮጀክተር አስነሣ» ማለት ናት። ሰባት ሰከንድ ያህል ቆይታ ሌላ ነጥብ ትመጣለች፣ እሷ «አሁን ቀይር» ናት። በጣም አጭር ናት፣ አራት ፍሬም ብቻ፣ የሰከንድ ስድስተኛ። አንዴ ካየሻት ግን ሁሌም ታያታለሽ፣ ይቅርታ አስቀድሜ።

ዝም_ያለች_ተመልካች

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ ነው። የንድፉን ሄድኩ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ገብቼ ዝም ብዬ ቆምኩ፣ ጠባቂዋ «ደህና ነሽ?» አለችኝ፣ ዓይኔ እስኪለምድ ነው አልኳት፣ ሳቀችና ወደ ጥግ ወዳለች ትንሽ ንድፍ ጠቆመችኝ፣ «ሰው ሁሉ የሚያልፋት» ብላ። አሥር ደቂቃ ሳልቆይባት አልቀረሁም። ሌላውን ግማሹን አላየሁትም፣ በሚቀጥለው ወር።

ትናንት ደግሞ 35 ሚሜው ነበር። ሪል በሪል፣ የመጀመሪያው ጥቅል ላይ አመለጠችኝ፣ ሁለተኛው ላይ ግን አየኋት! «እቺ!» ብዬ ጮህኩ፣ አጠገቤ ያሉት ሰውዬ ዞር ብለው አዩኝ፣ በሦስተኛው ጥቅል ላይ እሳቸውም ቀና ብለው ጥጉን ሲያዩ ያዝኳቸው። ስለ ፊልሙ ታሪክ ግን አትጠይቁኝ፣ ሙሉውን ጥጉን ሳይ ነው ያለቀው።

ሪል_በሪል

ይቅርታ ብዬሻለሁ እኮ።